ዳገቱን ማን ወጣው?

«ነጭ ኮፍያ ይቆሽሻል» አለች ገንዘብ ያዧ።

«ጥቁር ደግሞ ፀሐይ ይስባል» አለ የሙዚቃ ኃላፊው።

በትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ስብሰባው ከተጀመረ ቆይቷል፤ የኮፍያው ቀለም ግን ገና አልተወሰነም። የእግር ጉዞ ክበቡ አስራ አንድ አባላትና አስር ኃላፊዎች አሉት። ሹመት የሌላት አንዷ ልጅ ሥራ ብቻ ነው ያላት። እሷን «አለቃ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት «ይህን ማን ይሠራዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ቶሎ ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ፣ እሷ ቀና ለማለት ስለዘገየች ነው።

አለቃ ነፋሱ የወጣ ኳስ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለተጠቀለለ ፍራሽ ሰጥታ፣ ዓይኗ እንዳይከደን ትታገላለች። እናቷ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ ናት። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ቀስቅሶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ፣ አስታርቆ ትምህርት ቤት ማድረስ የእሷ ድርሻ ነው። ከሁሉም የሚያደክመው ማስታረቁ ነው።

ጉዞው የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነው፤ ከአፋፉ ተነስቶ እስከ ወንዙ መውረድ፣ እዚያ ምሳ መብላት፣ በዚያው ቀን ዳገቱን ወጥቶ መመለስ። የጂኦግራፊ መምህሩ ነገ ፈቃዱን ይፈርማሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገዱን ደርሶ መልስ የሄደ ሰው ሰዓቱን ይንገረኝ ብለዋል። ሄድኩ ያለው ሽቦ ነው።

ሽቦ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የአለቃ ጓደኛ ነው። ስሙን ያገኘው በቅጥነቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ብቻውን ሸለቆውን ሊያይ ወርዶ ነበር።

«ለመውረድ ሁለት ሰዓት፣ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል» አለ አሁንም። «ያውም ሳልቸኩል።»

«ዳገቱ አይከብድም?» አለች ገንዘብ ያዧ።

«ለፋራ ይከብዳል።»

ሁሉም ሳቁ። ውሃው፣ ስንቁ፣ አውቶቡሱ የሚጠብቅበት ሰዓት፣ ሁሉም ነገር በሽቦ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተንጠልጥሎ ተወሰነ። ኮፍያው ለነገ ተቀጠረ።

አለቃ ቤት ስትደርስ አጎቷን ደጃፉ ላይ ጫማውን እያራገፈ አገኘችው። ከወንዙ አሸዋ በገልባጭ መኪና ያመላልሳል። የተረፈውን ደግሞ በኪሱና በጫማው ይዞ ስለሚመጣ እናቷ «ቤቴን ባሕር ዳርቻ አደረግኸው» ትለዋለች።

«የዚያ የቀጭኑ ጓደኛሽ እግር እንዴት ሆነ?» አላት።

«የትኛው እግሩ?»

«ሁለቱም ናቸው እንጂ። ቅዳሜ ለት ዳገቱን ሳያጋምስ፣ የእግር መንገዱ ከእኛ መንገድ ጋ የሚገናኝበት ቦታ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ጭኑን ጨምድዶት መቆም አቅቶታል። ውሃው አልቋል። የእኔን ጠጣ፣ የረዳቴን ጠጣ፣ ወደ ራዲያተሩ ሳያይ ብዬ ቶሎ ጫንኩት።» ሳቀ። «እስከ አፋፉ ድረስ አሸዋው ላይ ተጋድሞ ወጣ። ደግነቱ ቅዳሜ ነበር፤ እሁድ ቢሆን እኛም የለን። አልነገረሽም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አለች። ለምን እንደዋሸች ራሷም አላወቀችም።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ነገ ይህንኑ ብትናገር መምህሩ አይፈርሙም፤ ጉዞው ይቀራል። አውቶቡስ ሲለምኑ መዋል የለ፣ ውሃ ማከፋፈል የለ። ትራሱ ሳይቀር ታያት። ቀጥሎ ሽቦ ታያት፤ በራሱ አፍ ያመጣውን «ፋራ» ክፍሉ በሙሉ እየመለሰለት። ከዚያ ደግሞ ዝም ብትል የሚሆነው ታያት፤ ውሃው ያለቀበት አስራ አንድ ልጅ ዳገቱ መሃል ተቀምጦ፣ ፀሐይዋ ስትሸሽ እያየ።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተመልሳ ወጣች።

የሽቦ እናት ፎቶኮፒ ቤት አላት፤ ከትምህርት በኋላ ማሽኑ ጋ የሚቆመው እሱ ነው። የአንድ ሰውዬ መታወቂያ ኮፒ እያደረገ ነበር። ሰውዬው ከፍሎ እስኪወጣ ጠበቀች።

«አጎቴ ስለ እግርህ ጠየቀኝ።»

ሽቦ የማሽኑን ክዳን ከፈተ። ውስጡ ምንም የለም። መልሶ ዘጋው።

«ለቲቸር ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«በቃ ተይው አቦ። ይወጡታል። ልጆች ናቸው።»

«አንተ ሼባ ነበርክ?»

ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። «ሰኞ ጠዋት ገና ከበሩ ስገባ ልጆቹ ‹ወጣኸው አይደል?› አሉኝ። ወጣሁ አልኩ። ወጥቼም ነበር እኮ፤ አፋፉ ላይ ነው የወረድኩት ከመኪናው። ሁለት ሰዓት ተኩሉ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ። አፌ ላይ ነው ያገኘሁት።»

«እሁድ ሰው መውጣት ቢያቅተውስ?»

«እኔ አሞኛል ብዬ እቀራለሁ።»

«አንተ ቀረህ። እኛስ?»

ማሽኑ ብቻውን ያንጎራጉራል።

«አንቺም ብትሆኚ» አለ ፊቷን ሳያይ፣ «ጉዞው እንዲቀርልሽ ነው። አትሸውጂኝ። ከጀመርን ጊዜ አንስቶ እንቅልፍሽ እንደመጣ ነው። ይኸው ሰበብ አገኘሽ።»

ልትቆጣ አሰበች። መቆጣትም ለካ ጉልበት ይፈልጋል።

«አዎ» አለች። «ደክሞኛል። ቢቀር ደስ ይለኛል። ግን አንተን አሳፍሬ ያገኘሁት እንቅልፍ ምኑ ይጥማል?» ባንኮኒው ላይ ተደገፈች። «ነገ ለቲቸር የመውጫው ሰዓት ገና አልታወቀም ትላቸዋለህ። ለምን ካሉህ እውነቱን ንገራቸው። አጠገብህ እቆማለሁ። ዝም ካልክ ግን እኔ እናገራለሁ።»

«ይስቁብኛል።»

«ይስቁብሃል። ከዚያ ወደ ኮፍያው ይመለሳሉ።»

ሽቦ የተበላሹ ወረቀቶችን ሰብስቦ፣ ጠርዛቸውን ባንኮኒው ላይ መታ መታ አድርጎ አስተካከለ። ለማንም የማይጠቅሙ ወረቀቶች ናቸው።

«እሺ ብያለሁ እንበል። ሰዓቱን ማን ያመጣዋል?»

ቅዳሜ የአለቃ እናት ከፈረቃ የምታርፍበት ቀን ነው። በሳምንት ውስጥ ወንድሞቿን እናቷ የምታነሳበት፣ እሷን ማንም የማይቀሰቅስበት ጠዋት እሱ ብቻ ነው። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ትንሽ አየችው። ከዚያ አጎቷ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ወደ ወንዙ ስትወርድ ለሁለት ሰው ቦታ አለህ?»

«አለ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምነሳው። ስንመለስ ግን ረዳቴ ከወንዙ ተሳፍሮ አብሮኝ ስለሚቀመጥ ኋላ አሸዋው ላይ ትጋደማላችሁ።»

ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ነበር። ሽቦ ሳያውቀው ጭኑን በመዳፉ እያሸ ነበር። አየችው፤ አያት፤ ማሸቱን ተወና በዝግታ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«ለመውረድ ብቻ ነው ጋሼ» አለች። «የምንወጣው በእግራችን ነው።»