ስድስተኛው ብርጭቆ

ሚሪንዳው ቡናው ላይ እንደፈሰሰ አረፋው ገንፍሎ ከብርጭቆው አፍ ወጣ። ጠረጴዛውን አዳረሰና የህይወት ቀሚስ ላይ ተንጠባጠበ።

«አላልኩሽም?» አለች ህይወት ወንበሯን ወደ ኋላ እየገፋች። «ቡናና ሚሪንዳ ምን አገናኛቸው?»

«መጀመሪያ ቅመሽው፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ» አለቻት አብርሆት።

ህይወት ቀመሰችው። ፊቷ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተኮማተረ። «ይሄንን ለወላጆች ካቀረብን ለከርሞ ልጁን እዚያ ትምህርት ቤት የሚያስመዘግብ አይገኝም።»

ትርንጎ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምትስቀው፤ ሳቋ እንኳ በሰው ቤት ቦታ እንዳይዝ የምትጠነቀቅ ይመስል።

ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በየቡድናቸው «ከአካባቢያችን ምርት አዲስ ነገር» እንዲያቀርቡ ታዘዋል። አብርሆት በዲሽ ያየችውን ቀዝቃዛ ቡና እንሥራ ብላ ስትነሳ ክፍሉ በሙሉ ሙድ ያዘባት። በሰኔ ዝናብ፣ ቦንጋ ላይ፣ በረዶ ያለበት ቡና። መምህሩ እንኳ ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ የደረሰችበት ሰው ያውቃታል፤ የተማረ ሰው አፉን ሳይከፍት ሌላውን የሚያሳንስባት ናት። አብርሆት ግን እልኸኛ ነች።

የእነ አብርሆት ቤት የተመረጠው በማቀዝቀዣው ምክንያት ነው። እናቷ የሺሃረግ ከቤቱ ፊት ለፊት ለስላሳና ብስኩት የምትሸጥበት ኪዮስክ አላት። ከዚህ ሌላ ቁምሳጥኑ ውስጥ ስድስት ረጃጅም ብርጭቆዎች ነበሩ፤ ለሰርጓ የተሰጧት፣ ለተራ እንግዳ የማይወጡ። ለዚህ ጉዳይ ውሰጃቸው ስትላት አብርሆት ማመን አቅቷት ነበር።

«እሺ፣ ሚሪንዳ ቀረ» አለችና ከማቀዝቀዣው የበረዶ ማስቀመጫውን አወጣች። ውስጡ ያለው ውሃ አይደለም። ራሱን ቡናውን ነው ከኮረሪማ ጋር አፍልታ ያቀዘቀዘችው፤ በረዶው ሲቀልጥ ቡናው እንዳይቀጥን ብላ። ብርጭቆዎቹ ሥር ትርንጎ ያመጣችውን ነጭ ማር አደረገች። ወተት ጨመረችበት። ከላይ ጥቁሩን በረዶ ጣል ጣል አደረገችበት። በረዶው እየቀለጠ በወተቱ ውስጥ ቡናማ ክር እየሠራ ወረደ።

ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

«ባርታ ፏፏቴ» አለች ህይወት። «ስሙ ባርታ ነው፣ አለቀ።»

ትርንጎ ከደብተር ቦርሳዋ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያዋን አወጣች። «የኔን በዚህ አድርጊልኝ።»

«ዶክተሯ ጀመረች» አለች ህይወት። «ይቺ ልጅ ለገዛ ሰርጓም ኩባያዋን ይዛ ነው የምትሄደው። ታይፎይድ የለብንም አቦ።»

እውነትም ትርንጎ ከሺሺንዳ በኩል መጥታ፣ ቦንጋ ቤት ተከራይታ መማር ከጀመረች ወዲህ ያለ ኩባያዋ ታይታ አታውቅም። በትምህርት ቤቱ ቧንቧ፣ በህይወት ልደት፣ የትም። ጓደኞቿ ፅዳት መውደድ ነው ብለው፣ ቀልደውባት ቀልደውባት ለምደውት ነበር።

«በፕላስቲክ ምኑ ይታያል?» አለች አብርሆት። ኩባያውን ከእጇ ወሰደችና መልሳ ቦርሳው ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው። «ዛሬ አታካብጂ። ጠጪ።»

ትርንጎ በሩን አየት አደረገች። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች።

«ማሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው» አለች ቀስ ብላ። «ደስ ይላል።»

የሺሃረግ ጃንጥላዋን እያራገፈች የገባችው በዚህ መሃል ነው። ልጆቹ ሊነሱላት ሲሉ ተቀመጡ ብላ፣ አንዷን ከሌላዋ ሳትለይ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ከማሩ ብልቃጥ በጣቷ ጠለቅ አድርጋ ላሰች።

«ውይ፣ ይሄ ማር ከየት ነው የመጣው?»

«አባቴ ነው የቆረጠው፣ እትዬ» አለች ትርንጎ።

«እጁ ይባረክ። አባትሽ ማን ይባላል? አገራችሁስ ወዴት ነው?»

ትርንጎ ብርጭቆውን ድምፅ ሳታሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ባፈና ይባላል። ከሺሺንዳ ወዲያ፣ ከጫካው ጥግ ነን» አለችና የመንደሩን ስም ጨምራ ነገረቻት።

ደግማ ማሩ ውስጥ የነከረችው የየሺሃረግ ጣት አፏ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«እንደዚያ ነው?» አለች። «ደህና። ተጫወቱ ልጆቼ።» ወደ ጓዳ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ትርንጎ ዝናቡ ሳይጠነክር ልሂድ አለች። ህይወትም አብራት ወጣች።

አብርሆት ግቢው ቧንቧ ላይ ብርጭቆዎቹን ስታጥብ እናቷ መጥታ ከኋላዋ ቆመች።

«የትኛው ነው የሷ?»

«የማን?»

«የማሯ ልጅ።»

አብርሆት ምንም አላሰበችም። ትርንጎ ሳትጨርሰው ያስቀመጠችውን፣ ሥሩ ላይ ማር የተጣበቀበትን አሳየቻት። እናቷ ጣቷ ሳይነካው በጋዜጣ ጠቅልላ አነሳችውና በቤቱ ጀርባ ዞረች። የሽንት ቤቱ በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ ከሥር፣ ከሩቅ፣ እንደ ጠጠር ጠብ የሚል ድምፅ መጣ።

አብርሆት እጇ በሳሙና እንደተለወሰ ቆማ ቀረች። ውሃው ይፈስሳል፤ ቧንቧውን መዝጋት እንኳ ጠፋት። እናቷ የተሰነጠቀ ሲኒ እንኳ የማትጥል ሴት ናት።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም» አለች የሺሃረግ ቧንቧውን እየዘጋችላት። «ማንጆ ናት እኮ። አላወቅሽም?»

ቃሉን አብርሆት ታውቀዋለች። ከጫካው ጥግ ስለሚኖሩ፣ ከሰል ተሸክመው ወደ ገበያ ስለሚመጡ ሰዎች ሲወራ ሰምታዋለች። ከእነሱ ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም፣ ከደጅ አያልፉም ሲባልም ሰምታለች። ግን ድሮ የቀረ ነገር ይመስላት ነበር፤ እንደ ንጉሥና እንደ ጅብ ተረት። የምታውቀው ሰው ፊት ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም።

«አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው» አለች።

«ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። ቤቱ ግን የኔ ነው።»

«አሁን ግንባሯን ስመሻት አልነበር?»

«ሳላውቅ ነዋ።»

«ማሩስ? ጣትሽን ስትልሺ ነበር።»

«ማር ሌላ ነው። ማር የንብ ሥራ ነው።» የሺሃረግ ድምፅ ጃንጥላ ያዢ እንደምትልበት ድምፅ ለስላሳ ነበር። «እስቲ ከአፌ ክፉ ቃል ወጣ? በፊቷ አላሳፈርኳትም። ነገ ማቀዝቀዣው ተበላሸ በያት፤ ቅዳሜ እዚያው ትምህርት ቤት ትገናኛላችሁ። ማንም ሳይቀየም ያልቃል።»

ክፉ ሰው ቢያዋርድህ ትሰድበዋለህ፣ ይወጣልሃል። ደግ ሰው፣ ግንባርህን የሳመ ሰው ሲያዋርድህ ግን ምን ትለዋለህ?

ለእራት አባቷ አስፋው ነጭ ካናቴራውን ለብሶ ተቀመጠ። የዞኑ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ባለፈው ወር ቢታ ገነት ድረስ ሄዶ ስለ ጎጂ ልማዶች ስልጠና ሰጥቶ የተመለሰው፣ አበሉንም ካናቴራውንም ይዞ ነው። አብርሆት የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እሱ ሳህኑን እያየ አዳመጣት።

«የቤት ዕቃ የእናትሽ ጉዳይ ነው» አለ በመጨረሻ። ቴሌቪዥኑን ሊከፍት ጀርባውን ሲያዞር፣ ካናቴራው ላይ በትልቁ የተጻፈው «ሁላችንም እኩል ነን» እሷ ላይ አፈጠጠባት።

አብርሆት ልትጮህ ነበር። አፏን ከከፈተች በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ያን ጊዜ፣ እናቷ ከቧንቧው ዘወር ስትል፣ አብርሆት ራሷ እጇን እንደገና ታጥባ ነበር። ማንም ታጠቢ ሳይላት፤ ደግማ ደጋግማ፣ እስከ ክንዷ። ይሄ ከብርጭቆው የባሰ አስደነገጣት።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጣሪያ ሥር ዝናብ ተጠልለው ከትርንጎ ጋር ቆሙ። አብርሆት ውሸቱን አዘጋጅታ ነበር።

«ስሚ፣ ማቀዝቀዣው...»

«ብርጭቆው ተሰበረ ወይስ ተጣለ?» አለች ትርንጎ። የቤት ሥራው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ብላ እንደምትጠይቅ ነበር።

አብርሆት የምታይበት ጠፋት። ቀላል ውሸት ነበረች፤ እናቷ ሠርታ፣ አጣጥፋ የሰጠቻት። አፏ ግን እምቢ አለ።

«ሽንት ቤት ውስጥ ጣለችው» አለች።

«ያን የመሰለ ብርጭቆ?» ትርንጎ ሳቅ መጣባትና ወዲያው ተወችው። «ኩባያዬን ስትቀሚኝ ልነግርሽ ነበር እኮ። ግን ብርጭቆው ከውጭ ላብ አውጥቶ ሲያምር... ዝም አልኩ። አንድ ቀን ቢሆንስ ብዬ።»

«እኔ እኮ አላወቅኩም ነበር።»

«አውቃለሁ። ስላላወቅሽ ነው የጠጣሁት።» ዝናቡን እያየች ቀጠለች። «ቅዳሜ አልመጣም። ማሩን ውሰዱት። ከወላጆቹ መሃል የሚያውቀኝ አይጠፋም፤ ከኔ እጅ ማን ይቀበላል? ልፋታችሁ ገደል ይገባል።»

አብርሆት እጆቿን አየቻቸው። ስለ እጇ ለትርንጎ መንገር አልቻለችም።

«የተከራየሽው ክፍል ጠረጴዛ አለው?» አለች።

«የለውም። አልጋና ምድጃ ነው ያለው። ምነው?»

«አልጋው ይበቃናል።»

ለህይወት ትርንጎ ራሷ ነገረቻት። ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣት ህይወት የጫማዋን ጭቃ በስንጥር ትፍቅ ጀመር። የልደቷን ቀን፣ ታይፎይዱን፣ ቀልዱን ሁሉ መልሳ እየቆጠረች ይመስል ነበር። ከዚያ «ባጃጅ እኔ እይዛለሁ» ብቻ ብላ ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አብርሆት የቡናውን በረዶ በላስቲክ ቋጥራ ድስት ውስጥ ከተተችው። የተረፉትን ብርጭቆዎች አንድ ባንድ ከቁምሳጥኑ አውጥታ በፎጣ እየለየች ዘንቢል ውስጥ ደረደረቻቸው። በጓሮው በር መውጣት ትችል ነበር። በኪዮስኩ በኩል ወጣች።

የሺሃረግ ለአንዲት ጎረቤት ብስኩት እያቀበለች ነበር። ዘንቢሉን አየችው።

«ወዴት ነው ብርጭቆውን?»

«ትርንጎ ቤት። ሦስታችንም እዚያ ነው የምንሠራው። ነገም ሦስታችን ነን የምንቀዳው።»

«ሁሉንም ይዘሽ?»

«ሁሉንም።»

የሺሃረግ ጎረቤቷን ገልመጥ አደረገች። ሰው ፊት ክፉ መናገር አትወድም፤ በዚህ ትታወቃለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። «በዚህ ዝናብ... ይሰበሩብሻል።»

«አይሰበሩም፣ እማ» አለች አብርሆት። «ማታ አጥቤ ቁምሳጥኑ ውስጥ እመልሳቸዋለሁ። የትኛው የማን እንደነበር ግን ምልክት አላደርግበትም።»

ውጭ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። አብርሆት ዘንቢሉን በሁለት እጇ አቅፋ ዝናቡ ውስጥ ገባች።