አልጋው ሥር ያልነበረው ባትሪ

ሟቹ መነጽሩን እንዳደረገ፣ የዕለቱን ጋዜጣ ደረቱ ላይ እንደያዘ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው ይህ የረጅም መንገድ ሾፌር ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚኖረው ጋራዡ ውስጥ በቆመችው አሮጌ ባለአልጋ ቫኑ ውስጥ ነው። የጋራዡ በር ተዘግቶ፣ የሞተሩ ቁልፍ ዞሮ፣ ቤንዚኑ ተሟጦ ተገኘ። የገደለው ጭሱ ነው፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም።

መርማሪዋን ያንገበገባት ሳጅኑ የጻፈው ሪፖርት ነው። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሾህ» የሚሏት ይህች ሴት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሳጅኑ በአንድ ገጽ ሁለት ሰው ቀብሯል፦ አባትየውን በግዴለሽነት፣ ሴት ልጁን በወንጀል።

ቫኗ ሁለት ባትሪ አላት። አንዱ ሞተር ያስነሳል። ሁለተኛው አልጋው ሥር ባለ ሳጥን ተቀምጦ የውስጡን መብራት ያበራል፤ ሞተር ሲነሳና መሪው አጠገብ ያለው ማብሪያ ሲከፈት ዲናሞው እሱንም ይሞላል። ይህም ማብሪያ ተከፍቶ ተገኝቷል። በሪፖርቱ መሠረት የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሆነችው ልጁ ሽቦውን አበላሽታ ዘርግታዋለች። ባትሪው አልሞላ ሲለው አባት ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው። እሷም ጥፋቷን ልትሸሽግ ባትሪውን ነቅላ ወስዳለች፤ ከሱቋ ተገኝቷል።

«ልጅቱ ራሷ ምን አለች?» ስትል ሳጅኑን ጠየቀችው።

«አባቴ ከመሞቱ በፊት፣ በዋዜማው ከሰዓት ነው የወሰድኩት፣ ቻርጀር ላይ ላሳድረው ብዬ ነው አለች።»

«የቱ ጋ ጻፍከው?»

ሳጅኑ ወረቀቱን አየ እንጂ አላነበበም። «ሰበብ መስሎኝ ተውኩት።»

«መሰለህ! የሰው ልጅ ወህኒ የሚወርደው አንተ ስለመሰለህ ነው?»

የሟቹን ጎረቤት፣ ጎሚስታውን፣ ጎማ ሲለጥፍ አገኘችው። በዋዜማው ከሰዓት ባትሪውን እስከ ልጅቱ ሱቅ የተሸከመው እሱ ራሱ እንደነበር፣ ሟቹም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «ቀስ፣ የሙሽራ ጥሎሽ ነው የያዝከው» ሲል እንደቀለደበት ነገራት። ይህን ለምን ለፖሊስ እንዳልተናገረ ስትጠይቀው እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«የጠየቁኝ ይጠጣ ነበር ወይ ብለው ብቻ ነው። አይጠጣም አልኩ። ሄዱ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ግን ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ሰው ነው። ግቢው የሁለቱም ውርስ ነው፤ እሱ ፎቅ ለሚሠራ ሰው ሊያስረክበው ሲፈልግ ታላቁ አልፈርምም ብሎ ሁለት ዓመት አስቆመው። ይህንንም አልደበቀም። ወንድማማች ይጣላል፣ ይታረቃል አላት። በዚያ ምሽት በጊዜ ብቅ ብሎ እንደተሰናበተውም ተረከላት።

«ጋሼ ‹ሁለተኛው ባትሪ ደክሟል፣ ሞተር አስነስቼ ልሙላው› አለኝ። ተው በሩን ክፈት ብዬው ነበር። ግን ያቺን የወገብ ክኒን ከዋጠ መድፍ አይቀሰቅሰውም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷን አትጨክኑባት፣ የኔ እህት። ሳታውቅ ነው ያበላሸችው።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወደ ቫኗ ተመለሰች። ማንም ያላየው ነገር አልነበረም፤ ማንም ያላሰበው እንጂ። መደርደሪያው ላይ በጣሳ ክዳን የተተከለ፣ ግማሹ የነደደ ሻማ አለ። ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ሰም ተንጠባጥቦ ደርቋል። ጎንበስ ብላ የሻማውን ክር አየችው። ጫፉ በጣት ተቆንጥጦ ተጠፍጥፏል።

በማግስቱ ሳጅኑን፣ ልጅቱን፣ ጎሚስታውንና ወንድምየውን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጅቱን ባትሪውን ይዘሽ ነይ ብላት ነበር። ልጅቱ አልጋውን አነሳች፣ ባትሪውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ ሁለቱን ሽቦ አሠረች። የቫኗ አምፖል ቦግ አለ።

«ሽቦውም አምፖሉም ደህና ነው፣ ሳጅን። ታዲያ ሟቹን ሻማ ምን አስፈለገው?»

ሳጅኑ ወደ ሻማው ዞረ።

«ባትሪው ስለሌለ ነዋ። ሰሙ የነጠበው በዚያው ቀን ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ በሕይወት እያለ፣ ማታ ሲያነብ፣ ባትሪው እዚህ አልነበረም። ልጅቱ የነገረችህ እውነቱን ነው። አንተን ግን ብዕርህ ከበደህ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ወንድምዎ ባትሪው ሲወሰድ እየተከተለ ከጎሚስታው ጋር ሲቀልድ ነበር። ታዲያ በዚያው ምሽት የሌለ ባትሪ ልሙላ አለዎት?»

«እርጅና ነው። ረስቶ ይሆናል።»

«ሻማውን ሲለኩስ አልረሳም።» ሻማውን ከነክዳኑ አነሳችው። «መነጽሩን ሳያወልቅ ያሸለበ ሰው ሻማ አያጠፋም። ይህን ክር የቆነጠጠው በሁለት እግሩ የቆመ ሰው ነው። ቁልፉንም ያዞረው፣ የሁለተኛውን ባትሪ ማብሪያም የከፈተው እሱ ነው። ማብሪያው ባዶ ሳጥን እንደሚሞላ ልጅቱ ታውቃለች፣ ጎሚስታው ያውቃል፣ ሟቹም ያውቅ ነበር።» ወንድምየውን «እርስዎ» ማለቷ እዚህ ላይ አበቃ። «ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ። እሳት ፈርተህ ሻማውን አጠፋህ፤ ለምን እንደበራ ግን አልጠየቅክም። ከዚያ ለሬሳው ቃል አበጀህለት፤ ወንጀሉንም በገዛ ወንድምህ ልጅ ላይ ጫንክ።»

ወንድምየው የአንገቱ ደም ሥር እስኪገታተር ጮኸ።

«በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተጋድሞ ስንት ሰው ያግታል? ሁለት ዓመት ሙሉ ለመንኩት! አንዲት ፊርማ!»

ጎሚስታው መሬቱ ላይ እንትፍ አለ። ልጅቱ ግን አጎቷን እንኳ ቀና ብላ አላየችውም።

ሰውየው ከተወሰደ በኋላ መርማሪዋ ለሳጅኑ ባዶ ወረቀት ሰጠችው። ልጅቱ መጀመሪያ ቀን የተናገረችውን፣ ቃል ሳይጎድል፣ በእጁ እንዲጽፍ፣ ጽፎም ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አዘዘችው። ቃል ሲዘል ከመጀመሪያው አስጀመረችው። አላዘነችለትም።

ሳጅኑ ሲወጣ፣ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ለማሳየት ይሁን ከእፍረት፣ የቫኗን መብራት ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለችው ልጅቱ። «ለሱ ነው የሞላሁት።»