አራት ሦስተኛ

በባዝል የሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩት ኤማኑኤል ሪሂነር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። መርማሪው ሲግሪስት ሁለት ሌሊት አልተኛም፤ ሬሳው አጠገብ ሲንበረከክ አቃሰተ። በሟቹ በተጨበጠው እጅ ውስጥ የተቀደደ የወረቀት ጥግ ነበር።

«የቀረውን ወረቀት ሰው ነጥቋቸዋል» አለ፤ ወደ እህታቸው ወደ ሳሎሜ ዞረ። «ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ምሳ ላይ በድንገት ‹አራት ሦስተኛ እኮ አስራ ስድስት አስራ ሁለተኛ ነው!› ብሎ ሳቀ። አበደ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድኩ፤ ስመለስ እዚህ ወድቆ አገኘሁት።»

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቱርናይዘን ተቆጡ። «ጡረታ ውጣ ስለው ‹አንተ ቅደም› ብሎኛል። በዚህ ሰው ይገደላል? ከምሳ ጀምሮ ሠላሳ ተማሪ ስፈትን ነው የዋልኩት!»

የሟቹ ወዳጅ፣ የፊዚክስ ሊቁ ዶክተር አሊዮት፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«የጋለ ሃይድሮጅን ብርሃኑ በፕሪዝም ሲበተን አራት መስመር ያወጣል። ልኬታቸውን ሰጥቼው ‹ምን ያዛምዳቸዋል?› አልኩት።»

«መቼ?»

«እሑድ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።»

«ዝምድናቸውን አገኙት?»

«አገኘው እንጂ! ልኬቶቹን በአንድ ቁጥር አካፍሎ ያገኛቸውን ክፍልፋዮች አባዝቶ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ሦስት በሦስት፣ አራት በአራት፣ አምስት በአምስት፣ ስድስት በስድስት አደረጋቸው። እኔ ሃያ ዓመት ያላየሁትን!»

ሲግሪስት ሦስቱንም ማድ ቤት ሰበሰባቸውና ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«አስራ ስድስት አራት በአራት ነው፤ መምህሩ መልሱን ያገኙት ዛሬ ምሳ ላይ ነው። ወይዘሪት ሳሎሜ የሰሙት አልገባቸውም። ዳይሬክተሩ ሠላሳ ምስክር አላቸው። ዶክተር፣ እሑድ የተለዩዎት ሰው የሐሙሱን ግኝት እንዴት ነገሩዎት?»

አሊዮት ጥጉ የተቀደደ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ።

«ስሜን ከስምህ ጋር ጻፈው አልኩት። ‹የለካው ሌላ፣ ያሰላሁት እኔ፤ አንተ ምን አደረግህ?› ብሎ ሳቀብኝ። ወረቀቱን ነጠቅኩት፤ እስከ ደረጃው አፍ ተከትሎኝ መጣ። ገፋሁት። ደረጃው መኖሩን… እግዚአብሔር ያውቃል፣ ረስቼው ነበር።»

ሳሎሜ አላለቀሰችም። «ታች ላይ የጻፈው ምን ይላል?»

«አምስተኛ መስመር አለ ይላል። የት እንዳለም ጽፎታል። እኔ አይቼው አላውቅም።»

«ይኖራል?»

አሊዮት ወረቀቱን ሰጧት። «ይኖራል» አሉ። «ወንድምሽ ተሳስቶ አያውቅም።»

ሲግሪስት አሊዮትን ይዞ ለመሄድ ከወንበሩ ሲነሳ ጥቂት ጊዜ ፈጀበት።