ሦስቴ ያለፍኩት ድምፅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ። አዳማ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ "ዓይን በልቶኝ ነው" ብሎ የመጣን ሰው የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ የምሸኝ ሴት ነኝ፣ እና ይህን የማጫውታችሁ አምኜበት ሳይሆን የሆነው እንዲህ ስለሆነ ብቻ ነው።

አባቴን ሐዋሳ ይዤው የሄድኩት ጡረታ ከወጣ ጀምሮ "አንድ ቀን እንኳ ሐይቅ ዳር ልቀመጥ" እያለ ስለነዘነዘኝ ነው። ስኳር አለበት፣ ወገቡንም ስለሚያመው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አይችልም፣ ያን ቀን ጠዋት ክሩን ሁለቴ ቋጥሬ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ይህቺን ያዙልኝ። መድኃኒቱን ወሰደ፣ ለምሳ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ ጥብስ አዘዝን። "አጥንቱ በዛ" ብሎ ሁለቴ ቀመሰና የቀረውን ለአባ ኮዳ ወረወረለት፣ ያ መላጣ ወፍ አንገቱን አስግጎ ሲውጥ አባዬ እንደ ልጅ ሳቀ። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ እኔም፣ ስኳር በሽተኛ መድኃኒት ወስዶ ምሳውን ለወፍ ሲያበላ አብሬው ሳቅኩ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ታቦር ተራራ ልንወጣ ስንነሳ፣ ቤቷ ያሳረፈችን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ምሕረት አስጠነቀቀችኝ።

"ከቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ሰው እዚያ ለጸሎት ይወጣል። ከድንጋይ ጀርባ ድምፅ ብትሰሚ እንዳትጠጊ፣ ሰላምም አትበዪ፣ ዝም ብለሽ እለፊ። የሚጸልይ ሰው ማቋረጥ እኛ ጋ ነውር ነው።"

መንገዱን እንዳጋመስን አባዬ ደከመው። "አንቺ ሂጂ፣ ከላይ ሆነሽ ሐይቁን ፎቶ አንሺልኝ፣ እኔ እዚህች ድንጋይ ላይ ነኝ" አለኝ። የእሱ ስልክ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጫፍ ወጣሁ፣ ሐይቁ ከነጀልባዎቹ ከሥሬ ተዘርግቶ ሲታይ ልቤ ቀለጠ፣ ግን ከሃያ ደቂቃ በላይ አልቆየሁም። ስመለስ ድንጋዩ ላይ ማንም የለም።

ወርዶ ይሆናል ብዬ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። ትንሽ እንደሄድኩ በቀኜ በኩል፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ የአሮጊት ሴት ድምፅ ሰማሁ፣ በሲዳምኛ እየጸለየች መሃል መሃል ላይ ትስላለች። የምሕረት ምክር ትዝ አለኝና አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ከመታጠፊያው በኋላ ያው ድምፅ፣ ያው ሳል፣ አሁንም በቀኜ። ማንም አልቀደመኝም፣ እመኑኝ፣ መንገዱ አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው። አለፍኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፣ "አባዬ!" ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ፣ ጸሎት መረበሽ ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። ይታያችኋል? አባቴ ጠፍቶብኝ እኔ ይሉኝታ ይዞኛል!

በአራተኛው ግን ንዴቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣብኝ። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ሽማግሌ አላዩም?" እያልኩ ድንጋዩን ዞርኩት።

ድምፁ ቀጥ አለ። ሴት የለችም። አባዬ ብቻ ላብ አጥምቆት በጀርባው ተጋድሟል፣ ስጠራው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አቃሰተ።

ስኳሩ ወርዶ ነው። ደግነቱ ቦርሳዬ ውስጥ የማንጎ ጭማቂ ነበረኝ፣ ራሱን ደግፌ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና ብሎ "ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ። ተመስገን! እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ፣ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ያኔ ነው ባዶ እግሩን መሆኑን ያየሁት። ጫማዎቹ ራስጌው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ክራቸው ተፈቶ፣ ካልሲዎቹ ውስጣቸው ተጠቅልለው።

"ማን አወለቀልህ?"

"ያቺ እናት ናት። ጥላ ፍለጋ ወርጄ ስወድቅ ደርሳልኝ። አንቺ አይደለሽ እንዴ የላክሻት?"

ቀስ ብለን ወረድን። ለምሕረት አባዬ ስኳሩ ወርዶ ድንጋይ ሥር እንዳገኘሁትና አንዲት ሴት ደርሳ ጫማውን እንዳወለቀችለት ብቻ ነገርኳት። "ለጸሎት ከሚወጡት አንዷ እናት ትሆናለቻ፣ አንቺ ስትመጪ በሌላ በኩል ሄዳለች" አለች። እኔም ይህንኑ ይዤ ተጽናናሁ። አባዬ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ፣ ቀለደም፣ ቤቱ ሞቅ ሞቅ አለ።

"ያቺ እናት ግን አማርኛዋ ኮልተፍ ያለ ነው" አለ ሻዩን እያማሰለ። "እጄን ይዛ ምን ስትለኝ ነበር መሰለሽ? 'አይዞህ፣ ልጅህ ሦስቴ አልፋኛለች፣ አሁን ትቆማለች።'"

ሦስቴ ማለፌን ለእሱም ለምሕረትም አልተናገርኩም ነበር፣ አፍሬ። ያን ሌሊት አጠገቡ ፍራሽ አንጥፌ ማንኮራፋቱን ሳዳምጥ አደርኩ፣ እንደዚያ የጣመኝ ድምፅ የለም። አሁንም እንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም። ብቻ መንገድ ላይ ሰው ሲስል ከሰማሁ፣ ዞሬ ሳላይ አላልፍም።