በሰባተኛው ታንከር የተገኘ ሕይወት

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ አርባ ስድስት ዲግሪ በደረሰበት ቀን ሂክማ ከታለበ አርባ ቀን የሞላውን የግመል ወተት ቀመሰችና «ደህና ነው» ብላ ፈረመች። ማንም አልተደነቀም። በወተት ማዕከሉ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። ታንከሮቹ የተሠሩበት ፕላስቲክ ናኖ ብር፣ ማለትም በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ የብር ብናኝ ተቀላቅሎበታል፤ ተህዋስ የተባለ ሁሉ ሲነካው ይሞታል።

የሂክማ ሥራ መሞቱን ማረጋገጥ ነው። ለዚህም «ነፍስ ቆጣሪ» የሚሏት የእጅ መሣሪያ አለቻት፤ ጠብታ ሲያስነኳት በውስጡ ያለውን ሕይወት ቆጥራ ትናገራለች። በአሥራ አንድ ዓመት ከዜሮ ሌላ ተናግራ አታውቅም። የዚያን ዕለት ግን ሰባተኛው ታንከር ላይ ቀይ መብራቷ በራ።

«ሁለት ሚሊዮን። ይወገድ።»

ሂክማ መሣሪያዋ የተበላሸች መስሏት ጠርጋ ደገመች። ያው ነው። ዘወር ስትል የታንከር አጣቢው ሽማግሌ፣ ሁሉም በአክብሮት «አው» የሚላቸው ሮብሌ፣ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ልጄ፣ አትድከሚ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከቤት ያመጣሁትን እርጎ ጠብ አድርጌበታለሁ።»

«ምን ነካዎት አው? ይህ እኮ ለሕፃናት ሆስፒታል የሚሄድ ነው!»

«እኔም ለዚያው ብዬ ነው። የልጄ ልጅ ኡባህ እዚያ ተኝታለች። ይህንኑ ወተት ትጠጣለች፤ ሆዷ ግን አልረጋ አለ። ሐኪሞቹም ምክንያቱ ጠፍቷቸዋል። ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው። እኛ ደግሞ ሆዱን ላመመው ልጅ እርጎ ነበር የምንሰጠው። ሰባት ወር ሙሉ ሞከርኩ፤ ብሩ እየገደለ አስቸገረኝ። ታንከሩን ሳጥብ ከግርጌ የቀረውን ወደ ቤት ወስጄ ለሚቀጥለው እርጎ እርሾ አደርገው ነበር።»

ሂክማ በንዴት ልትጮህ አፏን ከከፈተች በኋላ አንድ ነገር ያዛት። ታዲያ አሁን ለምን አልሞተም?

ከየታንከሩ ቀድታ የብሩን መጠን ለካች። ሙቀቱ ፕላስቲኩን በልቶት ኖሮ በስድስቱ ታንከሮች ብሩ ወደ ወተቱ ሾልኳል፤ ከተፈቀደው አራት እጥፍ። በሰባተኛው ወተት ውስጥ ግን የለም። ከታች ስስ ግራጫ አተላ ተኝቷል። በትልቁ ማይክሮስኮፕ ስታየው የእርጎው ተህዋስያን ብሩን ሰብስበው ይዘው ሰጥመዋል። ሰባት ወር ሙሉ ሲያልቁ ከርመው የተረፉት ጥቂቶች ብሩን ማጥመድ ለምደዋል።

ደህና ነው ብላ የፈረመችበት ወተት በልጆቹ ሆድ ውስጥ የሚያገኘውን ደጉንም ክፉውንም ተህዋስ ሲገድል ኖሯል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ስንሻው ሂክማ ያገኘችውን ሰምተው ጨርሰው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ዜሮውን ደፍተን ሁለት ሚሊዮኑን እናጠጣቸው? ጤና የለሽም እንዴ?»

«እባክዎ አንዴ ምላስዎን ያውጡልኝ» አለች ሂክማ።

ግራ ቢገባቸውም አወጡ። ነፍስ ቆጣሪዋን አስነካቻቸው።

«ሰማንያ ሚሊዮን። ይወገድ» አለች መሣሪያዋ።

አቶ ስንሻው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ የሂክማን የልኬት ወረቀት ስበው አነበቡ።

«ስድስቱን ዝጊ» አሉ በመጨረሻ። «ለሆስፒታሉም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ሐኪሞቹ የሰባተኛውን ወተት ሁለት ሳምንት መረመሩና ፈቀዱ። አው ሮብሌ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከግርጌው ላይ ግን ተጨማሪ እርሾ ከቤት ይዘው እንዲመጡ ተለምነዋል።

ከወር በኋላ ሂክማ ኡባህን ልትጠይቅ ሄደች። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትበላለች።

«አያቴ ሆድሽ ውስጥ ነዋሪዎች አሉ አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ከድሬዳዋ ሕዝብ ይበልጣሉ። እነሱ ከሌሉ አንቺም የለሽም።»

ሂክማ ይህን ስትናገር ለራሷም አዲስ ሆነባት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው አንድ፣ ብቻውን የቆመ፣ ከሌላው ሁሉ የሚጠበቅ ነገር ይመስላት ነበር።

ኡባህ ሆዷን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ጥቂት አሰበች።

«እንግዲያው እነሱንም ይርባቸዋላ!» አለችና ባዶ የወተት ኩባያዋን ዘረጋች።