ማሽኑ ሳይቆም እጅዎን አያስገቡ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ሰው ነግሮኝም አይደለም። በገዛ ቢሮዬ፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ደብረ ማርቆስ፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት።

ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጥታለች። ታች መንገዱ ላይ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ። ከጎኔ ያለው ልብስ ሰፊ ከደንበኛው ጋር ይጨቃጨቃል።

ጨለማ የለም። መብራትም አልጠፋም።

እንደዚያ ባለ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር...

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። አንተነህ እባላለሁ። ለድርጅቶች የኦንላይን ሥልጠና አዘጋጃለሁ። ባንክ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር፣ ፋብሪካ ስለ አደጋ መከላከል ሲያስተምር፣ ሠራተኛው ስልኩ ላይ የሚከፍተውን ትምህርት የምጽፈው እኔ ነኝ። ሥዕሉን አሠራለሁ፣ ድምፁን እቀዳለሁ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ፈተና አወጣለሁ። ፀጉሬ የሸበተው በዚህ ሥራ ነው። ብዙውን ዕድሜዬን አዲስ አበባ ሠርቼ፣ እናቴ ስትታመም ወደ አገሬ ተመለስኩ። ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ሥራው የትም ይሠራል።

በዚህ ሁሉ ዘመን የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር ሥልጠናውን ከልቡ የሚያዳምጥ ሰው አለመኖሩን ነው። "ቀጥል" የሚለውን እየተጫኑ ያልፉታል። አንዳንዱ ስልኩን ከፍቶ አስቀምጦ ምሳውን ይበላል። ድርጅቶቹም ግድ የላቸውም። እነሱ የሚፈልጉት ከሠራተኛው ስም ጎን "አጠናቋል" የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ የምጨነቀው ለድምፅ ነበር። ሰው ሳይወድ በግዱ የሚያዳምጠው ድምፅ ሳገኝ ደስታዬ ልክ የለውም።

ጥሩነሽን ያገኘኋትም እንዲሁ ነው።

በደጀን መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ... ስሙን አልጠራም... ስለ ማሽን አደጋ ሥልጠና አዘዘኝ። ፋብሪካውን ልጎበኝ ስሄድ ጆንያ ከሚሞሉት ሴቶች መሐል አንዷ ስታወራ ሰማኋት። አምበር ከምትባለው ትንሽ ከተማ የመጣች ወጣት ናት። ትከሻህን ይዞ ቁጭ የሚያደርግ ድምፅ ነበራት።

ቢሮዬ አምጥቼ ቀዳኋት። ግድግዳዋን በፍራሽ የሸፈንኳት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ የመንገዱ ጫጫታ እንኳ አይገባባትም።

"ማሽኑ ሳይቆም እጅዎን አያስገቡ" የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቋ መጣ።

"ምን ያስቅሻል?" አልኳት።

"ጋሼ፣ እኛ ጋ ማሽኑ ቆሞ ያውቃል እንዴ?"

አብረን ሳቅን። ደግመን ቀዳነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ጥሩነሽ ሞተች።

ዱቄቱን ወደ ጆንያው የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት በዱቄት ታፍኖ ነበር። "ሥራ እንዳታስቆሚ! በእጅሽ ጥረጊው!" የሚል ትእዛዝ መጣ ይላሉ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች። ብረቱ ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ወሰደው። ማሽኑ የቆመው ግን የተጀመረው ጆንያ ከሞላ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ሳትደርስ ደሟ አለቀ።

እጇ አልተገኘም።

ጆንያዎቹን ፈትቶ ያየም የለም... በማግስቱ ተጭነው ሄዱ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ የኋላሸት ይባላል። ልብስ የሚያምርበት፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ለጥሩነሽ ቤተሰብም፣ ለጠየቀው ሁሉም መልሱ አንድ ነበር፤ "ሠልጥናለች። ደንቡን እያወቀች ነው የጣሰችው።"

ደወልኩለት።

"አቶ የኋላሸት፣ የሥልጠናውን ድምፅ በሌላ ሰው ልቀይረው።"

"ለምን?"

"ልጅቷ ሞታለች እኮ።"

"እሱማ ጥሩ ነው" አለኝ። "አሁን ያዳምጣሉ።"

የዚያን ቀን ፋይሉን ከፍቼ አዳመጥኩት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከመምጣቷ በፊት፣ ከበስተኋላ የሆነ ነገር ይሰማል። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

ጉርርርር...

የሚዞር ብረት ነው።

ስንቀዳ አልነበረም። በፍራሽ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ከየት ይመጣል?

ከዚያ የፋብሪካው ሠራተኞች ይደውሉልኝ ጀመር። "ጋሽ አንተነህ፣ ትምህርቱ መሐል ላይ ይቆማል... ቆሞ ግን ትተነፍሳለች" አለኝ አንዱ። ሌላዋ ደግሞ እያለቀሰች "በስሜ ጠራችኝ" አለች።

ኢንተርኔቱ ነው አልኳቸው። ለራሴም እንደዚያው አልኩት።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ከቀኑ አምስት ሰዓት።

አቶ የኋላሸት ሳይደውል ቢሮዬ ገባ። ከኋላው ጥቁር የለበሱ ሴት ተከትለውታል። እማማ ታየች ናቸው፤ የጥሩነሽ እናት። ከአምበር እየተመላለሱ ፋብሪካው በር ላይ ሲያለቅሱ ከርመዋል። "ልጄን ማን አዘዛት?" ነበር ጥያቄያቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁም።

"ክፈትና አሰማቸው" አለኝ አቶ የኋላሸት። "ደንቡን ታውቅ እንደነበር ከራሷ አፍ ሰምተው ይሂዱ።"

"እባክዎ... እናት እኮ ናቸው።"

"ክፈተው።"

እማማ ታየች ግን ወደ ላፕቶፑ ተጠጉ። "ድምፅዋ ከዚህ ውስጥ አለ?" አሉኝ። "አሰማኝ፣ የኔ ልጅ። አሰማኝ።"

ምን ልበል? ከፈትኩት።

"ወደዚህ ሥልጠና እንኳን ደኅና መጡ" አለች ጥሩነሽ።

እናትየው እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። የሰው ጉንጭ እንደሚዳብሱ ዳበሱት።

"ጥሩዬ..."

ድምፁ ቀጠለ። ስለ ጫማ ተናገረ፣ ስለ ጓንት ተናገረ። በመጨረሻም "ማሽኑ ሳይቆም እጅዎን አያስገቡ" አለ።

"ሰሙ?" አለ አቶ የኋላሸት፣ ዝቅ ብሎ፣ በትሕትና። "እኔ አይደለሁም ያልኩት። ራሷ ናት።"

እማማ ታየች እጃቸውን ከስክሪኑ አላነሡም።

ድምፁ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የድምፁን ሂደት የሚያሳየው መስመር ግን መሄዱን አላቆመም።

ጉርርርር...

"እማ" አለ የጥሩነሽ ድምፅ።

ማናችንም አልተነቃነቅንም።

"እማ... ቀኝ እጄ የለም። በምን ልቀፍሽ?"

እናትየው አልጮኹም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው። ቀስ ብለው ወደ አቶ የኋላሸት ዞሩና በሹክሹክታ እንዲህ አሉት፤

"እጇን ስጣት።"

"ይሄ የሱ ሥራ ነው!" አለ አቶ የኋላሸት እኔን እያመለከተ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። "ቆራርጠህ ቀጥለኸው ነው! አምጣ!"

ሄድፎኑን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቆ ሰካው፤ ራሱ ላይ አጠለቀው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አሁን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው።

አዳመጠ።

ከንፈሩ ነጣ።

"አዎ" አለ።

ቆየ...

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

ደግሞ ቆየ... ከዚያ አስተማሪው ፊት እንደቆመ ልጅ ቀጭን በሆነ ድምፅ ጠየቀ፤

"ቀኙን?"

ሄድፎኑን አውልቆ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ማናችንንም ሳያይ ደረጃውን ወረደ። እማማ ታየች ነጠላቸውን ጎትተው ተነሡ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ የሆነውን የነገረችኝ መቅደላዊት ናት፤ የጥሩነሽ የሥራ ጓደኛ።

ሠራተኛው ምሳ ወጥቶ ነበር። እሷ የረሳችውን ስልክ ልትወስድ ስትመለስ አቶ የኋላሸትን ብቻውን ማሽኑ አጠገብ አየችው። ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ አስቀምጧል። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሏል። ማሽኑን ያስነሣው ራሱ ነው።

"ጌታዬ! ምን እያደረጉ ነው?" ብላ ጮኸች።

ዞር ብሎ አያት። ፈገግ አለ።

እጁን አስገባ።

ሮጣ ማሽኑን አቆመችው። እሱ ግን ተቆጣት። "ለምን አቆምሽው?" አላት፣ ክንዱ ከክርኑ በታች ባዶ ሆኖ። "ጆንያው አልሞላም እኮ።"

አልሞተም። በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት።

በዚህኛው ጊዜ ሁሉንም ፈቱት። ብረቱን ፈቱ፣ ቧንቧውን ፈቱ፣ ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፉ። ሴቶቹ ዱቄቱን በወንፊት ነፉት።

እጅ የለም።

ጠብታ ደምም የለም። ዱቄቱ ነጭ ነው።

ሥልጠናውን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ድምፅ አልቀዳሁም። እማማ ታየች ግን ከሐሳቤ አልወጡ አሉ። እንዴት እንዳሉ ሳላይ መቀመጥ አልቻልኩም። አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ አምበር ሄድኩ።

ቤታቸውን ሰዎች አሳዩኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ፀሐይ፣ ጀርባቸው ወደ ቤቱ ጨለማ ነው። ራሳቸውን አልተሸፈኑም።

ልጇን የቀበረች እናት፣ ሐዘኗ ሳይወጣ፣ ፀጉሯን አትሠራም። እሳቸው ግን ሹሩባ እየተሠሩ ነበር።

"እማማ ታየች... እንደምን ዋሉ?"

"እሽሽ" አሉኝ። "ቀስ በል። እየሠራችኝ ነው።"

ከኋላቸው አየሁ። ሰው የለም።

"ማን ነው የሚሠራዎት?"

"እስከ ሰሞኑ በአንድ እጇ ነበር" አሉ፣ በሹክሹክታ። "ትቆይብኝ ነበር። አሁን ሁለት ሆነላት።"

ፈገግ ለማለት ሞከሩ። እንባቸው ግን ዝም ብሎ ይወርዳል።

"አንዱ ግን የሷ አይደለም፣ ልጄ... ወፍራም ነው። ያመኛል።"

ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አሳዩኝ። በግራ በኩል ቀጭን፣ የተስተካከለ፣ የሚያምር ሹሩባ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ግን ተድቦልቡሎ ተቋጥሯል። ቆዳው እዚህም እዚያም ተልጦ ቀልቷል።

ልናገር አፌን ስከፍት፣ የቀኙ ፀጉር ተወጠረ።

አንገታቸው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተጎተተ... ወደ ጨለማው።