ውሻውን በስሙ ጥሪው

«ያንቺ ከሆነ እስቲ በስሙ ጥሪው!» አለ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የጠመጠመው ጎረምሳ።

ዴቻማ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ውሻው የዓሣ መሸጫው ጠረጴዛ ሥር ተወሽቆ ይንቀጠቀጣል። ጆሮው ስለቆሰለ ነበር ከአያቷ ጋር ለሕክምና ወደ ከተማ ያመጡት። የእንስሳት ሐኪሙ ደጃፍ ተራ ሲጠብቁ ርችት ፈነዳ፤ ማሰሪያውን ከእጇ አስመልጦ በቀጥታ ወደ መስጊዱ ሰፈር ነካው። አያቷን ጉልበታቸው አያስሮጣቸውም፤ እያለከለከች የተከተለችው እሷ ነች። ከቀን ሁሉ ደግሞ በዛሬው ቀን!

ዛሬ የቲፑ ሱልጣን ልደት ነው። ሰውየው በደቡብ ሕንድ በማይሶር ነግሦ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እዚህ ኮዳጉ ውስጥ ግን ትናንት የሞተ ይመስል በየዓመቱ ይጣሉበታል። የመስጊዱ ሰፈር ልጆች ሰይፍ የያዘውን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ እንግሊዞችን ሲዋጋ የወደቀ ጀግና ነው ይላሉ። የዴቻማ ወገኖች፣ ኮዳቫዎቹ፣ ቅድመ አያቶቻችንን አስሮ የነዳ አረመኔ ነው ብለው ሱቃቸውን ይዘጋሉ። ፖሊሶች መሃል መንገድ ላይ ቆመው ዱላቸውን ያወዛውዛሉ።

የውሻው ስም ደግሞ ቲፑ ነው።

የዚህኛው ብቻ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረውም ቲፑ ነበር፤ ከዚያም በፊት የነበረው እንዲሁ። በሰይፍ ያልደረሱበትን ንጉሥ በውሻ ስም መበቀል በብዙ የኮዳቫ ቤት የተለመደ ነው። ዴቻማ ትንሽ ልጅ ሳለች በዓለም ላይ ያለ ውሻ ሁሉ ቲፑ የሚባል ይመስላት ነበር።

«ጆኒ!» አለች በመጨረሻ። «ና ጆኒ!»

ውሻው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጎረምሳውና ጓደኞቹ ተሳሳቁ።

«አጅሬ! የሰው ውሻ ልትሰርቂ ነው እንዴ? ጆኒ ቢሆን ይሰማሽ ነበር። እኛን አትሸውጂን!»

«ተዋት! የሷ ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው።

ረምላ ነበረች። ትምህርት ቤት ከዴቻማ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ የዓሣ መሸጫው ደግሞ የአባቷ ነው። እጇ ላይ ብስኩት ይዛለች።

«ቤታቸው አይቼዋለሁ። ጆኒ ነው ስሙ» አለቻቸው። ጎንበስ ብላም ብስኩቱን አሳየችው። «ጆኒዬ፣ ና! እኔ ነኝ!»

ዴቻማ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ረምላ መጀመሪያ ቤታቸው የመጣች ቀን ውሻውን አይታ፣ «ትንሹ ወንድሜ ቢያየው እሪ ይል ነበር፤ ቲፑዬ ውሻ ሲፈራ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ «ስሙ ማነው?» አለቻት። ምን ትበላት? አፏ ላይ የመጣላት ጆኒ ነው። ከዚያ ወዲህ ረምላ በመጣች ቁጥር ዴቻማ ቀድማ ሮጣ ውሻውን ትደብቃለች፤ የቤቱን ሰውም ስሙን እንዳይጠሩ ትለምናለች።

«ቲፑ!»

አያቷ አባባ ቢዳፓ ነበሩ። ከመንገዱ ጫፍ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ቲፑ! ና ውጣ!»

ውሻው ከጠረጴዛው ሥር ተፈትልኮ ጭራውን እየቆላ ወደ እሳቸው ሮጠ። በዚያው ቅጽበት ከዓሣ መሸጫው ጀርባ ካለው ቤት አንድ የአራት ዓመት ሕፃን አገጩ ላይ ሩዝ እንደተለጠፈ ብቅ አለ።

«አቤት!» አለ።

ጎረምሶቹ ወደ ሕፃኑ ዞሩ። ሕፃኑ ሽማግሌውን አያቸው፣ ውሻውን አየና ባለበት ቆመ።

«እኔን ነው?»

አባባ ቢዳፓ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ሲገባቸው ግን ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አንተን አይደለም ልጄ። ውሻዬን ነው።»

«ምን አሉ?» አረንጓዴ ጨርቅ ያጠለቀው ጎረምሳ ወደፊት መጣ። «ማንን ነው ውሻ ያሉት?»

«ውሻውን ነዋ! ስሙንም አውቄ ነው ያወጣሁለት» አሉ አባባ ቢዳፓ። «ንጉሡ ቅድመ አያቶቻችንን እርቅ ነው ብሎ ጠርቶ፣ ትጥቃቸውን አስፈትቶ፣ ከነሚስት ከነልጆቻቸው ነዳቸው። ከኛ ቤት ከሄዱት አንድም አልተመለሰ! ስሙን ለውሻ ብሰጠው ምን በዛበት?»

«እሱ ሰይፉን እንደጨበጠ ሲሞት የእናንተዎቹ ለእንግሊዝ መንገድ ይመሩ ነበር!»

«ዝም በል፣ አንተ ውርጋጥ!»

ከጎረምሶቹ አንዱ ድንጋይ አነሳ። የረምላ አባት ሐምዛ እጃቸው በዓሣ ቅርፊት እንደተሸፈነ ወጥተው ሕፃኑን አፈፍ አደረጉና መሃል ገቡ።

«ጣለው አንተ! ጣል አልኩህ!» አሉት። ከዚያ ወደ አባባ ቢዳፓ ዞሩ። «እርስዎም ውሻዎን ይዘው ይሂዱ። በዚህ በር ሁለተኛ እንዳላይዎት።»

«እሱም ቲፑ ነው?» አለ ሕፃኑ ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ። ፊቱ በፈገግታ በርቷል።

ዴቻማ ረምላን ቀና ብላ አየቻት። ረምላ አሁንም ብስኩቱን እንደያዘች ነች።

«ጆኒ ነው ያልሽኝ።»

«ረምላ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው...»

«ስለ ወንድሜ ሳወራ እናትሽ ኩሽና ገብታ ስትስቅ እሰማት ነበር። በኔ ቀልድ የሳቀች መስሎኝ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። እንዴት ያለሁ ፋራ ነኝ!»

«ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም!»

«ትጠሪዋለሽ ግን» አለች ረምላ። «በየቀኑ።»

ብስኩቱን መሬት ጥላ ገባች። ዴቻማ ስትዞር የዓሣ እጣቢ ውሃ ከኋላዋ ተደፋባትና ጫማዋ ውስጥ ገባ። ማን እንደደፋባት ዞራ አላየችም።

አባባ ቢዳፓ ጂፑን ሲነዱ ፊታቸው ፈክቷል። ውሻው ከኋላ ተኝቷል።

«አየሽ ሲያርርባቸው?»

«ልጁንስ አዩት?»

«አየሁት እንጂ። በገዳይ ስም ልጅ ይጠራል?»

«እኔም ንጉሡን እጠላዋለሁ፣ አባባ። የነገሩኝን አልረሳሁም። ልጁ ግን ገና አራት ዓመቱ ነው።»

«ያድጋል» አሉ አያቷ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። «ያኔ ድንጋዩን አንቺ ላይ የሚወረውረው እሱ ነው።»

ዴቻማ እርጥብ ጫማዋን አወለቀች። ጫማዋ እስከ ቤት ድረስ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

ውሻውን ማብላት የእሷ ሥራ ነው። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ በጓሮ በኩል ደረጃው ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ከተጣራች ይበቃል፤ የትም ቢሆን እየበረረ ይመጣል። ዛሬም ሩዝና አጥንት የሞላውን ሳህን ይዛ ወጣች። አጎቶቿ በረንዳው ላይ ተሰብስበዋል፤ አባባ ቢዳፓ ነገሩን እንደገና እየተረኩላቸው ነው። «አቤት!» የሚለው ቦታ ሲደርሱ የሕፃኑን ድምፅ አስመስለው አሉት። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ውሻው የቁንዶ በርበሬ ሐረግ የተጠመጠመበት ዛፍ ሥር ተጋድሟል። ዴቻማ ማንኪያውን አነሳችና ሳህኑን መታችው።

ውሻው ቀና ብሎ አየት አደረጋትና መልሶ ተኛ።

ደግማ መታችው።

«ምንድነው የምታንቋቂው?» አሉ አያቷ። «በስሙ ጥሪው እንጂ!»

«ድምፁን ይለምደዋል።»

«ሩዙ ቀዘቀዘ እኮ!»

«ይቀዝቅዝ።»

ሳቁ ቆመ። አባባ ቢዳፓ ወደ ዛፉ ዞረው «ቲፑ!» ብለው ጮኹ። ውሻው ብድግ ብሎ በአጠገቧ አልፎ በረንዳው ላይ ወጣ፣ ባዶ እጃቸውን አሸተተና እዚያው ቁጭ አለ። አንዱ አጎቷ ሳቀ።

ዴቻማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማንኪያውን እንደገና አነሳች።